የጎደለው የቁልሉ ጎን

ባለፈው የካቲት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ከአሶሳ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከዋናው መንገድ ወደ መንደራችን እንደታጠፈ፣ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አገሩን አወቀው። የተቃጠለ ሣር ሽታ ነበር። በእኛ በኩል በጋው ሲጠና ሣሩ ላይ እሳት ይለቁበታል፤ ጥቁር ብናኙ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ሰውም እያስነጠሰ ይለምደዋል። ሹፌሩ መስኮት በሌለው ባጃጅ "መስኮቱን ልዝጋልሽ?" ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን ቀልዱን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ሽታው ይዞኝ የሄደው አምስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት በጋ፣ ወደ እማማ ሀሊማና ወደ ቁልሉ ነበር።

ቁልሉ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ተሂዶ፣ በሽመሉ ቀርከሃ ጫካ መሃል የሚገኝ የድንጋይ ክምር ነው። ቁመቱ የጎጆ ጣሪያ ጫፍ ይደርሳል። ዙሪያው በልጅ እግሬ ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ሽመሉ ጥቅጥቅ ብሎ ይመጣና እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የሚገርመው ደግሞ አገሩ ድንጋይ አያውቅም። ምድሩ ቀይ አፈር ብቻ ነው፤ ለውሻ የሚወረወር ጠጠር እንኳ ተፈልጎ አይገኝም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥቁር፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ ከየት መጣ? ጣጣዬ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ለመንደራችን የተሰጠው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም፤ ዛሬም በቁጥሩ ነው የምንጠራው። እኔ እዚያው ተወለድኩ፣ ሁለት ወንድሞቼ ተከተሉኝ። ውሃ ቀጂ ሲባል እኔ፣ እንጨት ልቀሚ ሲባል እኔ፣ ወንድሞቼ ሲያጠፉ የምሰደበውም እኔ። እናቴ ስለ ድሮ ጊዜ አታወራም። አባዬ ግን ስለ ወሎ ከጀመረ ውሎ ቢያድር አይደክመውም። እዚህ ስለደረሱበት የመጀመሪያ ዓመት ሲጠየቅ ብቻ "ወባ ነበር" ይልና ያበቃል። እኔም ወባ ማለት የነበረውን ሁሉ የሚያስረሳ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር ነቅቼ የማባዣ ሠንጠረዤን እሞክራለሁ፣ እንዳልረሳ።

ጎረቤቶቻችን በርታዎች ናቸው። እማማ ሀሊማ ከእነሱ ወገን የሆኑ፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጋያቸው ከአፋቸው የማይለይ ባልቴት ነበሩ። ቁልሉን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ከእሳቸው በፊት ባላቸው ይጠብቁ ነበር፣ ከባላቸው በፊት የባላቸው አባት። ጥበቃው ዱላ ይዞ መቆም እንዳይመስላችሁ። በየዓመቱ ሣሩ ከመቃጠሉ በፊት በቁልሉ ዙሪያ አሥር እርምጃ ያህል ሣሩን አጭዶ፣ ቅጠሉን ጠርጎ፣ ምድሩን እርቃኑን ማስቀረት ነው። እሳቱ ይመጣል፣ የሚበላው ያጣል፣ ይመለሳል። ያ ካልተደረገ ድንጋዩ በግለት ይሰነጠቃል፣ ክምሩም ይናዳል።

በዚያ ዓመት ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እቤታችን መጡና እናቴን "ልጅህን ስጠኝ፣ ለሣር" አሏት። አማርኛቸው ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ እኔንም እስከ መጨረሻው "አንተ" እንዳሉኝ ቀሩ። ስንቱ "አንቺ" እያለ ከሚያዘኝ የእሳቸው "አንተ" ይጥመኝ ነበር። እናቴ ይውሰዷት፣ ግን ጥያቄዋ ያደክምዎታል ብላ ሸኘችኝ።

ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋቱ የቁልሉ ሆነ። እኔ በማጭድ አጭዳለሁ፣ እሳቸው ተቀምጠው የረሳሁትን በጋያቸው ይጠቁሙኛል። እናቴ እውነቷን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ክንድ ያህል እንኳ ሳላጭድ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው።

"ሰው ነው ያለው" አሉኝ።

"የናንተ ሰዎች ናቸው?"

"አይደለም። እኛ ስንመጣ ነበሩ። የናንተም አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ይጠብቋቸዋል?"

ጋያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ዘመድ የለውም" አሉ። "ዘመድ ያለው፣ ዘመዱ ይጠብቃል። ይሄ ማን ይጠብቃል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልሉ የእኔ ሆነ ማለት ነው። ጆሮዬን ድንጋይ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ኮሽ ሲል ሰምቼ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እንሽላሊት ወጣችና አፈጠጠችብኝ። በማለዳ ከድንጋዮቹ መሃል ቀጭን ጉም ሲወጣ ደግሞ ሰዎቹ ቁርስ እየሠሩ ነው ብዬ ለታናሾቼ ነገርኳቸው። ምን ይበላሉ ሲሉኝ ገንፎ አልኩ፣ እማማ ሀሊማ የሚያበሉኝን ከባሚያ ወጥ ጋር። ትንሹ ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ያ ገንፎ በአፌ አይዞርም አለ። እኔ የሱንም ድርሻ በላሁ።

ሣሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቅርስ የሚመዘግብ ባለሙያ ከከተማ መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ከሲታ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ሜትር ዘርግቶ ቁልሉን በርዝመትም በስፋትም ሲለካ አየሁና፣ ልብስ ሊያሰፋላቸው ነው ብዬ ገመትኩ። የመንደራችን ልብስ ሰፊ እንደሱ ነበር የሚለካን። ለስንት ሰው ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀና አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ። ይህ መቃብር መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ምድር ሳይኖር፣ የሚጽፍም ሳይኖር የተሠራ ነው። ሕግ ይጠብቀዋል፤ ቅዳሜ "የተከለለ ቅርስ" የሚል ሰሌዳ ይተከልለታል። ስማቸው ማን ነበር ስለው፣ ማንም አያውቅም አለኝ። ይሄ በጣም ከነከነኝ። ስም እንዴት ይጠፋል?

ነገር የመጣው ማክሰኞ ነው። ከመንገዱ በተቃራኒ ባለው ጎን ሐረግ ወጥሮ ይዞት ነበር፤ ባለሙያው ሐረጉን ሲያስነሣ ቁልሉ እዚያ ጋ ጎድሎ ተገኘ። አህያ የሚያስተኛ ጎድጓዳ ነበር። የቆየ ነው፣ አለ ባለሙያው፣ ግን ራሱ አልተናደም፣ በሰው እጅ ተለቅሞ የተወሰደ ነው። ማን ወሰደው?

በእኛ አገር ጉድጓድ ከታየ ሰው የሚያስበው ወርቅ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። የሀሊማ ባል ለወርቅ ቆፋሪዎች ከፍቶ ሰጥቷቸው ነው ተባለ፤ እሷም እያወቀች ነው ሐረግ ያለበሰችው ተባለ። ጋያቸውን ያጋሯቸው ሰዎች እንኳ ይህንኑ አሉ። ባለሙያው እንደነሱ አልተናገረም፤ ግን ድንጋዩን ማን እንደወሰደው እስከ ቅዳሜ ካልታወቀ ጥበቃው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እሳቸውም ወደ ቁልሉ አይቀርቡም አለ። እማማ ሀሊማ ባላቸው እንዳልሰጡ፣ የወሰደውንም እንደማያውቁ ተናገሩ። እኔ ግን ንዴቴ ፊቴን አቃጠለው። ሌባውን እኔ አገኘዋለሁ ብዬ ማልኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሌባ ፈለግኩ። ነገሩ ለእኔ ቀላል ነበር፤ ድንጋይ በሌለበት አገር የተሰረቀ ድንጋይ የት ይደበቃል? ዓይኔን በጨው አጥቤ እየሰው ቤት ገባሁ። የሰው ጉልቻ አገላበጥኩ፣ የሰው ደጃፍ ጫርኩ፣ የአንዲት ጎረቤታችንን የወፍጮ ድንጋይ በምራቄ አሽቼ ነጭ ነጠብጣብ ፈለግኩበት። ሴትየዋ እናቴ ዘንድ መጥታ ልጅሽ የጠፋባት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴም ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

ሐሙስ ማታ አንዲት ዶሯችን እንቁላሏን እየደበቀች ስላስቸገረች ተከተልኳት። ጓሯችን ጥግ ካለው ማንጎ ሥር ገባች። እዚያ ሥር በማንጎ ቅጠል የተሸፈነ ዝቅ ያለ የድንጋይ ድርድር አለ። ሕፃን ሆኜ ስወጣበት እናቴ "ውረጂ፣ እባብ አለ!" ብላ ትጮህብኝ ስለነበር የእባብ ቤት መሆኑን አምኜ ኖሬአለሁ። ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አንዱን በጥፍሬ ፋቅኩት። ጥቁር ነው። ነጭ ነጠብጣብ አለበት።

የመንደሩን ጉልቻ ሁሉ ሳገላብጥ ከርሜ ሌባው እኛው ቤት ነበር። አባዬ ወንድሙን ቤት ሊያሠራ ባምባሲ ከሄደ ሳምንት ሆኖታል። እናቴን መጠየቅ ፈራሁ።

አርብ ጠዋት አንዱን ድንጋይ በደብተር መያዣዬ ከትቼ ወደ እማማ ሀሊማ ቤት ሄድኩ። ገና ሳወጣው አወቁት። ከየት አመጣህ አሉኝ። ከጓሯችን አልኩ። ይቆጡኛል ስል ጥያቄ ጀመሩ። እንዴት ነው የተቀመጠው፣ ክብ ነው? አይ፣ ረዘም ያለ ነው። ምን ያህል? መሬት ላይ ተጋድሜ በእጄ አሳየኋቸው፤ ከራሴ ጀምሮ ከወገቤ ትንሽ ዝቅ ይላል። ወደ የት ነው የዞረው? ማንጎው በየት በኩል እንደሆነ አስቤ በጣቴ ጠቆምኩ። እሳቸውም የጠቆምኩበትን ዓይተው፣ ወደሚሰግዱበት አቅጣጫ ዘወር አሉ።

"መስኪን" አሉ።

አባቴ ሌባ ስለሆነብኝ ለእኔ ማዘናቸው መሰለኝ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንሥተው መለሱልኝ።

"መልስ። ከወሰድክበት ቦታ። አፈር አልብስ። ለማንም አትናገር፣ ለእናትህም።"

"እርስዎ ግን ይባረራሉ።"

"ኸላስ" አሉኝ። በቃ ማለታቸው ነው።

ከጁምዓ በኋላ ባለሙያው ሽማግሌዎቹን ይዞ ቁልሉ ጋ ቆመና ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቃቸው። እኔ ከሽመሉ ጀርባ ነበርኩ። እማማ ሀሊማ ማክሰኞ ዕለት እንደማያውቁ፣ ዛሬ ግን እንደሚያውቁ፣ እንደማይናገሩም ነገሩት። ባለሙያው ግራ ገባው፤ ካወቁ ለምን ይደብቃሉ አላቸው። አንዱ ሽማግሌ ባሏን ልትሸፍን ነው ብሎ አጉረመረመ። እሳቸው ማጭዳቸውን ከመሬት አንሥተው ለባለሙያው ሰጡት። እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ አንድ ሰው አልተከተላቸውም። እኔም አልተከተልኳቸውም፣ ለዚህ እስካሁን አፍራለሁ።

አባዬ ቅዳሜ በማለዳ ከባምባሲ ደረሰ። ሸንኮራ ይዞልን መጥቷል። ወንድሞቼ ሸንኮራው ላይ ሲረባረቡ እኔ ወደ አጥሩ ጠራሁት። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩትን ባንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። የጓሮው ድንጋይ የቁልሉ ነው፣ እማማ ሀሊማ በእኛ የተነሣ ተባረሩ፣ ባላቸውም በወርቅ ተሰደቡ። ማን ነገረሽ አላለም። መካድም አልሞከረም።

"ሀሊማ ያውቃሉ?" አለኝ።

"ያውቃሉ። አልናገርም ብለዋል።"

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ አህያውን አመጣ። ማንጎው ሥር ሄዶ ቅጠሉን ማንሣት ሲጀምር እናቴ ከቤት ወጣች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። አጠገቡ ተንበርክካ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ታነሣለች፣ አፈሩን በሻሿ ትጠርጋለች፣ ታቀብለዋለች። እንባዋ ይወርዳል። አባዬን እስር ቤት ሊወስዱት ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ።

ቁልሉ ጋ ስንደርስ ሰሌዳው እየተተከለ ነበር። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ግማሹ መንደር አለ። እማማ ሀሊማ እንዳይቀርቡ ስለተባሉ ርቀው መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። አባዬ አህያውን እየነዳ በእሳቸው በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና ተከትለውት እንዲመጡ ለመናቸው። ከዚያ ባለሙያው ፊት ቆመ።

"የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሀሊማም ባለቤታቸውም የሉበትም። ወርቅም የለበትም። በእኛ አገር ገበሬ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ዳር ላይ ይከምረዋል፤ የፈለገ ሰው ሲወስድለት ይመርቀዋል። ይሄም አራሽ የለቀመው ክምር መሰለኝ። ገና መምጣታችን ነበር። ልጄ ሞተብኝ፤ ጅብ እንዳያወጣው ላለብሰው ድንጋይ ፈልጌ አጣሁ። እዚህ አገኘሁ።"

ልጄ ሲል ዘወር ብዬ ወንድሞቼን አየሁ። ሁለቱም አሉ፣ አፋቸው በሸንኮራ ተለጥፏል። ማን ሞተ?

"ምን እንደሆነ ሳውቅ ልመልስ አሰብኩ" አለ አባዬ። "ማንጎው ሥር እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እጄ እምቢ ይለኛል። ይኸው ዛሬ አመጣሁት።"

ባሏን ልትሸፍን ነው ያለው ሽማግሌ መሬት መሬት ያያል። ባለሙያው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድንጋዩ እዚያው ሕፃኑ ላይ ቢቀር ችግር እንደሌለው፣ ታሪኩን በመዝገቡ ላይ እንደሚጽፈው ተናገረ። ደግ ሰው ነበር። እማማ ሀሊማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የለም። ድንጋይ የሰዎቹ ነው። መልስ።"

በልጅ ልቤ ጨካኝ ሆኑብኝ። አባዬና እናቴ ድንጋዮቹን ባለሙያው ባሳያቸው አኳኋን ጎድጓዳው ውስጥ ሲደረድሩ ሁሉም ቆሞ አየ። ሲጨርሱ እማማ ሀሊማ ወደ አባዬ ቀረቡ።

"ስሙ ማነው?"

አባዬ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ከኋላው ሆና መለሰች።

"ኑሩ" አለች። "ሦስት ዓመቱ ነበር።"

"ተሰግዷል?"

"ማን ይሰግዳል?" አለች እናቴ። "ሁላችንም በወባ ወድቀን ነበር። እኔ ራሴን አላውቅም። እሱ ነው ብቻውን የቀበረው።"

"አሁን ሰው አለ" አሉ እማማ ሀሊማ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ እያዩ።

መንደሩ እንዳለ ወደ ቤታችን ሄደ። ባለሙያው ማጭዱን በገዛ እጁ ለእማማ ሀሊማ መልሶላቸው ነበር፤ ጥበቃውም ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው እጅ አልወጣም። የበርታዎቹ ወጣቶች መንገድ ላይ ሽመል ቆርጠው ያዙ። ጓሯችን ደርሰው ድንጋዩ የተነሣበትን ባዶ አፈር በሽመሉ አጠሩት። ከዚያ ወንዶቹ፣ በርታውም ወሎዬውም፣ ማንጎው ሥር ትከሻ ለትከሻ ተሰለፉ። ባለሙያው ክርስቲያን ነበር፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ዳር ቆመ።

ሰላቱ አልቆ መዳፍ ሁሉ ለዱዓ ሲነሣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እናቴ አጠገብ ነበርኩ። ጠዋት ከዚያ ግቢ ስወጣ የቤቱ ታላቅ ልጅ እኔ ነበርኩ። እጄን ዘርግቼ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። የማላውቀው ልጅ ነው፤ ከትንሹ ወንድሜ እንኳ ያንሳል። ምን ልበል ብዬ የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ።

"ወንድም ጋሼ ኑሩ በይና ጀምሪ" አለችኝ። "ሌላው ይመጣል።"

ጀመርኩ።